የእማማ ደጊቱ ገንዳ

እንጅባራ፣ መስከረም 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ የአክስት ልጅ ለጋሼ ስማቸው፣ ዱባይ፤

እግዚአብሔር በሰው አገር ጤናዎን ይጠብቅልን። እኛ ዝናቡ አልወጣም ብሎን ነው እንጂ ደህና ነን። እናትዎ እማማ ደጊቱም ከጉልበታቸውና ስልክ ከማይሰማው ጆሯቸው በቀር ደህና ናቸው።

ባለፈው በስልክ ሲያነጋግሩኝ «እሺ» ብቻ በማለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ስይዝ ድምፄ ይጠፋል። ሰው እየሰማኝ እንደሆነ ሳስብ ቃሉ ሁሉ ይሸሸኛል። ከጥርባ ወደዚህ ቤት እናትዎን ልረዳ ከመጣሁ ቆየሁ፤ ጎረቤቶቹ ግን አሁንም ስሜን አያውቁትም፤ «ዝምተኛዋ» ነው የሚሉኝ። እኛ ቤት የሚነገረው አዊኛ ነው። አማርኛውን የለመድሁት ትምህርት ቤት ነው፤ እሱንም ከስድስተኛ ክፍል ተውሁት። መጻፍ ግን አይከብደኝም። ወረቀት ዓይን የለውም። ስለዚህ እንዳሉኝ የቤቱን ነገር በደብዳቤ እነግርዎታለሁ። ዳንግላ ላለችው ለነጋዴዋ ለበቀለች እልክላታለሁ፤ ለዕቃ ወደዚያ ስትመጣ ታደርስልዎታለች።

ለእናትዎ ጉልበት የላኩት ገንዳ ደርሷል። ከአይሱዙ ላይ ሲያወርዱት ዝናብ ሞልቶት ስለነበር መጀመሪያ ውሃውን መንገድ ላይ ደፉት። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። ጎረቤታችን ዋጋዬ «እሰይ! የፈረስ ማጠጫ መጣልን» ብላ አሳቀቻቸው። እማማ ደጊቱ በር ላይ ቆመው «ፈረሱ እኔ ነኝ፤ ጉልበቱ የተያዘ ፈረስ» አሉ።

ማታ በጎኑ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ሲነኩ አየኋቸው። ሞተሩ በእነዚያ በኩል ሞቅ ያለ ውሃ እየገፋ ጉልበት ያሻል ብዬ ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብሁላቸው። «ውሃና መብራት አንድ ላይ? ልጄ ሊያሞቀኝ ነው ሊያቃጥለኝ?» አሉ። እርስዎ ይመልሱልኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ይቀበሉኝና ገልብጠው ጀርባውን ይዳብሱታል። እርስዎ ብዕሩን በጣም ስለሚጫኑት ከጀርባ ይጎረብጣል። ማንበብ ባይችሉም እሱን ይዳብሱና «ልጄ ደህና ነው፤ ጉልበት አለው» ይላሉ። ከዚያ ነው እራት የሚበሉት።

ጻፊ ያሉኝ ቃላቸው ይህ ነው፦ «የወጣህበት ደጅ ክፍት ነው። የያዝኸው ይባረክልህ፤ እግርህን እንቅፋት፣ እጅህን ክፉ አይንካው።»

ሰርክአዲስ

ዱባይ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርክአዲስ፤

ሰላምታዬ ያን ዝናብ ሁሉ አልፎ እኛ ቆሰበር የምንላት እንጅባራ ይድረስሽ። እናቴን በእኔ ፈንታ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የታመመውን ቀስ ብለሽ።

ስለ ገንዳው የምጽፍልሽን በጥሞና አንብቢ። አበረ ሽቦ ሊዘረጋ ሲመጣ ለእሱም አንብቢለት። አበረን አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው ያደግነው። ሥራ ይችላል፤ ግን ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይወዳል።

ለገንዳው ሞተር ከቆጣሪው ሰሌዳ የራሱ መስመር ይውጣለት። ከምድጃው ወይም ከመኝታ ቤቱ መስመር እንዳይቀጥለው። ማጥፊያው ገንዳው ውስጥ የተቀመጠ ሰው እጁን ዘርግቶ የማይደርስበት ቦታ፣ ከክፍሉ ውጭ ይሁን። ከቤቱ ኋላ መሬቱ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነበት በቀርከሃው ሥር የሾለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደውን ረጅሙን የመዳብ ዘንግ እስኪሰወር ይምታው። ከእሱ የሚመጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከሞተሩ አካልና ከቧንቧው ብረት ጋር ይታሰር።

አሁን ዋናው ነገር። በበቀለች ሻንጣ አንዲት ነጭ ዕቃ ልኬልሻለሁ፤ ጡጫ ታክላለች። ፊቷ ላይ ቲ የሚል የፈረንጅ ፊደል ያለበት መጫኛ አላት። የገንዳው መስመር በእሷ ውስጥ ነው የሚያልፈው። እናቴ ለጠየቀችሽ እንዲህ ብለሽ መልሺላት፦ መብራት በቀዩ ሽቦ ይሄዳል፣ በሰማያዊው ይመለሳል። ነጯ መሐል ላይ ሆና የሄደውንና የተመለሰውን ታስተያያለች። የሄደው ሁሉ ከተመለሰ ዝም ትላለች። ጥቂት እንኳ በውሃው ወይም በሰው ገላ ሾልኮ ወደ መሬት ከቀረ ግን ሰው ሳይጎዳ ቀጭ ብላ ትቆርጣለች።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን አስነሺና ቲን ተጫኚ። ቀጭ ብላ ሞተሩ ከቆመ ደህና ነው። ካልቆመ እናቴ እግሯን ውሃው ውስጥ እንዳታገባ። ከዚያም ወዲያ በየወሩ መባቻ ተጫኛት።

ሰርኬ፣ እዚያ ቤት ከአንቺ ሌላ ማንበብ የሚችል ሰው የለኝም። አበረን ማናገር እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። እባክሽ።

ስማቸው

እንጅባራ፣ ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስማቸው፤

የኅዳር ሚካኤል ጥበቃው አይለይዎ። እናትዎ ደህና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት የሚቀጥለውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

አበረ በሚካኤል ሳምንት መጣ። ወረቀቱን ሰጠሁት። «እኔ የምሠራው በፒንሳ ነው፤ በደብዳቤ ነው ያላችሁ ማነው?» ብሎ ኪሱ ከተተው። ዘንጉን ግን በትክክል ቀርከሃው ሥር መታው። የቧንቧውንም ብረት አሰረ። ነጯን ሲያስገባት ነው ነገር የመጣው። ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ቀጭ፤ ደግሞ ቀጭ። «ይቺ ደግሞ ምን አስኮረፋት!» እያለ ከቀትር እስከ ማታ ሲታገላት ዋለ። በኋላ ካቻቪቴውን ጥርሱ ላይ ይዞ የሆነ ነገር አደረገ፤ ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ። «በቃ፣ ታረቀች» አለና ሄደ።

ብቻዬን ስሆን ቲን ተጫንኋት። ቀጭ አለች። ሞተሩ ግን አልቆመም። ደግሜ ተጫንሁ፤ ያው ነው።

ያን ጊዜ ሮጬ መናገር ነበረብኝ። እማማ ደጊቱ ግን ሳሎን ከዋጋዬ ጋር ተቀምጠው ለሚካኤል ዕለት ማንን እንደሚጠሩ ይነጋገሩ ነበር። «የልጄን ውሃ ቄሱ ባርከውልኝ፣ ሰው እያየኝ እግሬን አስገባለሁ» ሲሉ ፊታቸው በርቶ ነበር። በር ላይ ቆምሁ። ዋጋዬ «ምነው ዝምተኛዋ፣ ጭራቅ አየሽ?» አለችኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። ተመልሼ ወጥ ቤት ገባሁ።

በሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቱ ሞላ። ቄስ አዝመራው ውሃውን ባረኩት። ዋጋዬ ማብሪያውን መታችው፤ ውሃው መፍላት ጀመረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እማማ ደጊቱ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ፤ በዋጋዬ ትከሻ ተደግፈው አንድ እግራቸውን አነሱ።

እኔ ያን ጊዜ ቆጣሪው ዘንድ ነበርሁ። እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። ዋናውን አወረድሁት።

ቤቱ ጨለመ፤ ምድጃው ላይ የነበረው ወጥም መፍላቱን አቆመ። «ይህ መብራት ኃይል በበዓል እንኳ አይተወንም!» አለ አንድ ሰው። ዋጋዬ መጥታ እጄን ማጥፊያው ላይ አየችው። «አንቺ! ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ልታስለቅቀኝ ጎተተችኝ። አልለቀቅሁም። መናገር ጀመርሁ፤ አማርኛው ግን አልመጣልኝም። የጮኽሁት በአዊኛ ነው። ሁሉም አፍጠው አዩኝ። የቤቱ እንግዳ ሁሉ አማርኛ ብቻ የሚናገር ነው፤ እናትዎም አልገባቸውም። ቄስ አዝመራው ግን የእኛ አገር ሰው ናቸው፤ በሰው መሐል አልፈው መጡና «ተዋት» አሏት ዋጋዬን። ከዚያ ወደ እማማ ደጊቱ ዞረው «ልጅቱ ውሃው ይገድላችኋል ነው የምትለው» አሏቸው።

አበረ ከጠላው ተነስቶ መጣ። መጀመሪያ ተቆጣ። ቄሱ «ክፈተውና አሳየን» ሲሉት ግን ከፈተ። የገንዳው መስመር በነጯ ውስጥ እንዳያልፍ በሌላ ሽቦ ዘሏት ነበር። «አባ፣ በነኳት ቁጥር የምትቆርጥ ዕቃ ምን ያደርግላችኋል?» አለ። እንደ ቀልድ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ግን ላብ አውጥቶ ነበር።

ገንዳው አሁን ጠፍቶ ተቀምጧል። እማማ ደጊቱ ያን ቀን ማታ ጋቢያቸውን አምጥተው በእኔ ላይ ጣል አደረጉብኝ።

አበረ ነጯ ለምን እንደምትቆርጥ በእውነት አያውቅም። ይጻፉልን። ካሁን በፊት መናገር ሲገባኝ ዝም በማለቴ አይቀየሙኝ።

የእናትዎ ቃል፦ «እንኳን ወለድሁህ። እንኳን ላክህልኝ፤ ዕቃውንም፣ ልጅቱንም።»

ሰርክአዲስ

ዱባይ፣ ጥር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሰርኬ፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከሥራ ወጥቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጨርሼው ሳበቃ ጫማዬን አላወለቅሁም፤ እንደዚያው ተኛሁ። ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። የጮኽሽበት ቋንቋ ይባረክ።

ለአበረ እንዲህ በይው። ነጯ አልተበላሸችም፤ ልክ ነበረች። በመተላለፊያው ስካትላ፣ ሽቦዎቹ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ፣ የገንዳውን ሰማያዊ ሽቦ ከሌሎቹ ክፍሎች ሰማያዊ ጋር ጠምዝዞታል። በዚያ በኩል መብራቱ በሌላ ሰው ደጅ ይመለሳል። ነጯ በእሷ በኩል የሄደውን እንጂ በሌላ የተመለሰውን አታይም፤ ስለዚህ የቀረ ይመስላትና ትቆርጣለች። የገንዳው ሰማያዊ ሽቦ ከነጯ ወጥቶ ማንንም ሳይነካ ሞተሩ ድረስ ብቻውን ይሂድ። ዘልሎ ያሰረውን ይፍታ። አትጣዪው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እዚህም ያደርጋል። አሁን የምሠራበት አዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ያለው የመዋኛው ሞተር ነጯ አልገባችለትም። ለአለቃዬ ነገርሁት፤ «በሚቀጥለው ሳምንት» አለኝ። ከነገርሁት ብዙ ሳምንት አለፈ። እኔ ነኝ ታች ወርጄ የምነካካው።

ለእናቴ ንገሪያት፤ ለፋሲካ እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ቲን በራሴ ጣት እጫናታለሁ።

ስማቸው

እንጅባራ፣ መጋቢት 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስማቸው፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ደስ የሚል ወሬ አለኝ።

አበረ ስካትላውን ከፍቶ ልክ እንዳሉት አገኘው። ሰማያዊዎቹ እንደ ሹሩባ ተጠማዝዘው ነበር። ለያቸው። ከዚያ «ነይ፣ አለቃ» ብሎ ጠራኝ፤ ቲን የተጫንሁት እኔ ነኝ። ቀጭ አለች፤ ሞተሩም ቆመ። ሦስታችንም፣ እናትዎ ጭምር፣ ዝምታውን አዳመጥነው። አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ «አለቃ!» ይለኛል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ፤ ግን አይከፋኝም።

እማማ ደጊቱ ውሃ ከሮቶው በሚገኝበት ቀን ሁሉ ይገባሉ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ውስጥ ሆነው ያንጎራጉራሉ፤ አንዳንዴም ከእርስዎ ጋር ያወራሉ። «ስሜ ልጄ፣ አሁን ወደ ግራው ጉልበት» ይላሉ፣ እርስዎ እንደሚገፉላቸው ሁሉ። እኔ እንደምሰማ የረሱ ይመስለኛል። ሲወጡ ጉልበታቸው እንደ ልብ ይታጠፋል። ባለፈው እሑድ ያለ ዱላ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ።

እርሳቸው ከወጡ በኋላ ውሃው ለብ ብሎ ይቆያል። «ግቢ አንቺም» ይሉኛል። አልገባሁም። እጄን ብቻ አገባና ትንሽ እቆያለሁ። ጥርባ እያለሁ ማታ ማታ ከእህቶቼ ጋር እንተኛ ነበር፤ አንዱ ጎኔ ሁልጊዜ ይሞቀኝ ነበር። እዚህ አልጋው ሰፊ ነው። ይህን ለምን እንደጻፍሁልዎ አላውቅም።

ለፋሲካ የሚተኙበትን ክፍል አጥበናል። ዋጋዬ አዲስ መጋረጃ ሰጠች። እማማ ደጊቱ በየማለዳው «ስንት ቀን ቀረ?» ይሉኛል።

ቃላቸው፦ «ና። ሌላ ቃል የለኝም።»

ሰርክአዲስ

ዱባይ፣ ሰኔ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርክአዲስ፤

ሰላም ለእናቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሳልጽፍ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለፋሲካ የቀረሁትም ፈቃዱ ስላልተሳካ ነው። ለእናቴ ጤነኛ ነኝ በያት። ገንዳዋ ውስጥ እየገባች ጉልበቷን ታሙቅ። ጽሕፈቴ ተለውጦ ብታዪ ተቻኩዬ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ ለእናቴ አታንብቢላት።

ሰርኬ፣ ይህን የሚጽፍልኝ ከእኔ ጋር የሚኖር የደሴ ልጅ ነው። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ምድር ቤት ወርጄ ነበር። ያ ነጯ ያልገባችለት ሞተር ያዘኝ። ወለሉ እርጥብ ነበር። ጓደኛዬ ዋናውን አወረደው፤ ለዚህ ነው የተረፍሁት። ቀኝ እጄ ግን ከአንጓው በታች አይታዘዝም። ሁለት ጣቴን ሐኪሞቹ ቆርጠውታል። ሐኪሙ የቀረውም መጨበጥ ይችላል ብሎ ተስፋ አልሰጠኝም።

እናቴ በስንብቷ ሁሉ «እጅህን ክፉ አይንካው» ትላለች። እንዴት ብዬ ይህን ልንገራት? ፒንሳ የማይዝ መብራት ሠሪ ሆኜ እንዴት ቆሰበር ልግባ? እንደበፊቱ ደብዳቤ እልካለሁ፤ አንቺም እንደበፊቱ አንብቢላት። እስክለምደው ብቻ። መች እንደምለምደው አላውቅም።

ስማቸው

እንጅባራ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስማቸው፤

እግዚአብሔር ነፍስዎን ስለተወልን ይመስገን። ከዚህ በላይ ሰላምታ አላውቅም።

ሁለተኛውን ገጽ አጥፌ ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። የመጀመሪያውን አነበብሁላቸው። ድምፄን እንደሌላው ቀን ለማድረግ ሞከርሁ። ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ገልብጠው ዳበሱት። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ልስልስ ነው» አሉ። «የማን እጅ ነው?»

እኔ ዝም አልሁ። በሕይወቴ ሙሉ ዝምታ ሲያድነኝ ነው የኖረው፤ ያን ቀን ግን አላዳነኝም፤ ዝምታዬ ራሱ ሁሉን ነገራቸው።

«ሞቷል?»

«ኧረ አልሞቱም! አልሞቱም እማማ!» ብዬ ጮኽሁ። በአማርኛ ነው የጮኽሁት። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ አወጣሁና አነበብሁላቸው። አልታዘዝዎትም፤ ባላነብላቸው ግን ሞተዋል ብለው ሊያድሩ ነበር።

አላለቀሱም። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ቆዩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ከዚያ ተነስተው፣ ያለ ዱላ፣ ወደ ቆጣሪው ሄዱ። የቱ የገንዳው እንደሆነ አሳይቻቸው ስለነበር ያውቁታል። አወረዱት።

«የሄደው ካልተመለሰ ይቆረጣል ብሎ የለ?» አሉኝ። «ውሃውን ላከልኝ፤ ሙቀቱን ላከልኝ፤ እሱ ግን ቀረ። እሱ ሳይመጣ እኔ እዚያ አልገባም።»

አልገቡምም። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ክንዴን ያዙ። ዱላውም ከተሰቀለበት ወርዷል። ዋጋዬ ለመነቻቸው፤ ቄስ አዝመራው ለመኗቸው። «ልጄ ሰው ሲያየው እያፈረ እኔ ሞቅ ብሎኝ ልቀመጥ?» ብለው መለሱ። ገንዳው ባዶውን ነው። በወሩ መባቻ እንደ ልማዴ ቲን ተጫንኋት፤ መብራት ስለሌላት ምንም አላለችም። እኔም በር ላይ የምጠብቀው ሰው የለኝም። ግን እዚያው እቀመጣለሁ።

ለአበረ የነገርሁት እኔ ነኝ፤ ሊቆጡኝ ይችላሉ። ብቻዬን ሱቁ ድረስ ሄጄ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ የያዘውን ፒንሳ አስቀመጠ። ከዚያ «እጅ እኔ አለኝ» አለ። «እኔ የጎደለኝ ‘ተው፣ እሱን ፈትተህ እንደገና እሰረው’ የሚለኝ ሰው ነው። ጥሊሊና ዳንግላ ላይ ሥራ ይዣለሁ። ይምጣና ይጩህብኝ፤ አለቃ፣ ጻፊለት።» ጻፍሁልዎ።

የእናትዎ ቃል ይህ ነው፦ «እጅህን ክፉ አይንካው ያልሁህ አንተን እንዳላጣ ነው እንጂ እጅህን ብቻ ፈልጌ አይደለም። በአንዱ እጅህ በሩን አንኳኳ፤ እኔ ጆሮዬ ከስልክ በቀር ይሰማል።»

እኔም የምለው አለኝ። ሰው ፊት መቆም እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያን የሚካኤል ቀን ሰው ሁሉ ሲያየኝ የምሞት መስሎኝ ነበር። አልሞትሁም። ሲመጡ ሰው እጅዎን እንዳያይ ከአውቶቡሱ እስከ ቤት ድረስ ከጎንዎ እሄዳለሁ፤ ለሚጠይቅ እኔ እመልስልዎታለሁ።

ዛሬ የጻፍሁት ብዕሩን ተጭኜ ነው፤ ጣቴ ታመመ። ወረቀቱን ይገልብጡትና በግራ እጅዎ ይዳብሱት።

ሰርክአዲስ